የጣና ዳር ሙዝና አቮካዶ ምን ይበላል? ከማሳ የወጣውን ወደ ማሳ መመለስ

ባሕር ዳር ዙሪያ የፍራፍሬ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ አልፎ አልፎ ፓፓያ። ሰው ከመሸንቲም፣ ከሐሙሲትም፣ ከዘጌም ይመጣል። ችግኝ የወሰደ ሰው ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ የቅጠል ፎቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። መልእክቱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ጋሼ፣ ቢጫ ሆነብኝ። ምን ማዳበሪያ ልጨምርበት?»

የአንድ ማዳበሪያ ስም ጠርቶ መገላገል ይቻላል። እኔ ግን አስቀድሜ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከዚያ ማሳ በዓመት ምን ወጣ? ምንስ ተመለሰበት? የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ይህን አካሄድ በደንብ የሚያሳየው የፓልም ዘይት ዛፍ ነው። ወጥ ቤታችን ውስጥ ያለው፣ ብርድ ሲመጣ የሚረጋው ዘይት የሚገኝበት ዛፍ ማለቴ ነው። የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው የዓለም ምርት የሚመጣው ግን ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። እዚህ እንትከለው እያልኩ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ቆላ ሙቀትና ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብ ዝናብ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናባችንም ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል።

የፓልም አልሚዎች አፈራቸውን የሚይዙበት መንገድ ግን ለእኛም ይሠራል። አብዛኛው የፓልም እርሻ ያለው ዝናብ ለዘመናት አጥቦ ባራቆተው አሲዳማ አፈር ላይ ነው። ዛፉ ከሁሉም ንጥረ ነገር አብልጦ የሚወስደው ፖታሲየም ነው። ዘይቱ ራሱ የሚሠራው ከአየርና ከውሃ ነው፤ ከአፈር የተወሰደው ንጥረ ነገር የሚቀረው በዘለላው፣ በተረፈ ፍሬውና በቅጠሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ አልሚዎች ፍሬው የተለቀመለትን ባዶ ዘለላ ከፋብሪካ አስመልሰው በዛፎቹ መካከል ያነጥፉታል። የሚቆረጠውን ቅጠልም በረድፎች መካከል ይከምሩታል። ከዚያ በኋላ የጎደለውን በማዳበሪያ ይሞላሉ። መጀመሪያ የራስን መመለስ፣ ቀጥሎ የጎደለውን መግዛት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ጆንያው ውስጥ ያለውና የሌለው

የኤንፒኤስን ጆንያ ስታዩ ቁጥሮቹን አንብቧቸው። 19፣ 38፣ 7 ይላል። ከ100 ኪሎው 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ፎስፌት፣ 7 ኪሎ ሰልፈር ማለት ነው። ዩሪያ ላይ ያለው 46 ደግሞ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ሁለቱን ደምሩ። ፖታሲየም የለበትም።

ለጤፍና ለበቆሎ ይህ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አያንሰውም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሯል። ሙዝ ግን ሌላ ሂሳብ አለው። የሙዝ ዘለላ ይዞት የሚሄደው ፖታሲየም ከናይትሮጅኑ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ዘለላው አይሱዙ ላይ ተጭኖ በወጣ ቁጥር ፖታሲየሙም ተጭኖ ይወጣል። አቮካዶም ፖታሲየም ወዳድ ፍሬ ነው። ዓመት ከዓመት ዩሪያና ኤንፒኤስ ብቻ እየሰጣችሁ ፍሬ ብትሸጡ፣ ማሳው በአንድ በኩል እየጠገበ በሌላ በኩል እየተራበ ይሄዳል። ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬው የሚያንሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የፖታሽ፣ ማለትም ፖታሲየም ያለበት ማዳበሪያ ራሱ አለ። ቀዩ ፖታሲየም ክሎራይድ 60 ከመቶ ገደማ ፖታሽ ይዟል። ለሙዝ ይሆናል። ለአቮካዶ ግን አልመክርም፤ አቮካዶ ክሎራይድ አይወድም፣ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጥሎ ቡናማ ይሆናል። ለእሱ ፖታሲየም ሰልፌት ይሻላል። በዳሎል ያን ያህል የፖታሽ ክምችት ያላት አገር ገበሬ ፖታሽ ሱቅ ለሱቅ ፈልጎ ማጣቱ ያሳዝነኛል። እስኪገኝ ድረስ ግን በእጃችን ያለው ብዙ ነው።

አፈራችሁን እወቁት

በእኛ አካባቢ ሁለት ዓይነት አፈር በብዛት ታገኛላችሁ። አንዱ ቀይ አፈር ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ፣ ወደ ቆጋ መስኖ ስትሄዱ የምታዩት። ውሃ ያሳልፋል፣ ለመቆፈር ይመቻል፣ ግን አሲዳማ ነው። ሌላው ጥቁሩ ዋልካ ነው፤ እንደ ፎገራ ሜዳ ያለው። በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ እጅ እስኪገባ ይሰነጠቃል። ንጥረ ነገሩ የተሻለ ነው፤ ችግሩ አየር ማጣቱ ነው።

በዋልካ ላይ አቮካዶ ልትተክሉ ካሰባችሁ ስለ ማዳበሪያ አትጠይቁ፤ ስለ ውሃ ጠይቁ። የአቮካዶ ሥር ውሃ ባቆረበት ቦታ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ዩሪያ ቢደፋበትም አይወስድም። አፈሩን እስከ ጉልበት ከፍ አድርጋችሁ ጉብታ ሥሩ፣ ዙሪያውን ቦይ አውጡ፣ ችግኙን ጉብታው ላይ ትከሉ። ይህን ለማድረግ አቅም ከሌላችሁ ቦታውን ለማንጎ ስጡት፤ ማንጎ የተሻለ ይችላል።

ለቀይ አፈር ዋናው ጥያቄ አሲድነቱ ነው። ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው ቁጥር (ዝቅ ባለ መጠን አሲዱ ይበረታል)፣ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። ፎስፈረሱንም አፈሩ ይይዘውና ለተክሉ አይለቅም። ኤንፒኤስ ገዝቶ እዚህ አፈር ላይ መበተን ገንዘቡን ለአፈሩ ማስያዝ ነው። ከአገራችን የእርሻ መሬት 40 ከመቶ ገደማው አሲዳማ ነው ይባላል፤ ጎጃም ደግሞ ችግሩ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ አስመርምሩ። ባሕር ዳር የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ናሙናውን በበጋ፣ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ውሰዱ። ማሳውን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሳችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ ላይ ቁፈሩ። በየቦታው ገለባውንና ቅጠሉን ገለል አድርጉ፤ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ አፈር አውጡ። ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አደባልቁት። ማዳበሪያ የተያዘበት ባልዲ ውጤቱን ያበላሻል፤ የቆርቆሮ ባልዲም ዚንክ ይጨምርበታል። ከድብልቁ 1 ኪሎ ያህል ወስዳችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። የከብት በረት የነበረበት፣ አመድ የሚደፋበት፣ የጉንዳን ኩይሳ ያለበት ቦታ ላይ አትቁፈሩ። ቀዩና ጥቁሩ አፈር በአንድ ማሳ ውስጥ ካሉ ለየብቻ አድርጓቸው።

ውጤቱ አሲዳማ ካለ መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው። መጠኑን ላቦራቶሪው ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜ በሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን ይደርሳል። ለጥቂት ዛፍ ያን ያህል አያስፈልግም። የ60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ አፈር፣ 1 ካሬ ሜትር መሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢቆፈር ከሚወጣው አፈር ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጉድጓድ ከ200 እስከ 400 ግራም ኖራ ይበቃል። ኖራ በአፈር ውስጥ ወደ ታች የሚወርደው በጣም በዝግታ ነው። ከተከላ በፊት ከጉድጓዱ አፈር ጋር በደንብ ማደባለቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ዛፉ ካደገ በኋላ ከላይ መበተን እንጂ ወደ ሥር ማስገባት አትችሉም። ዋልካ ላይ ኖራ አትጨምሩ። ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ያለአግባብ ከተጨመረ ዚንክና ብረትን ያስርባችኋል።

ጉድጓድ

ሚያዝያ ላይ ቁፈሩ። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ከምሩ። ኖራ የሚያስፈልግ ከሆነ ያን ጊዜ ቀላቅሉ። ግንቦት መጨረሻ ላይ የላይኛውን አፈር ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከበሰለ ብስባሽ ጋር ደባልቃችሁ መልሱት። ኖራና ትኩስ ፍግ ግን በአንድ ቀን አታገናኙ፤ አሞኒያው ተንኖ ይሄዳል። ያልበሰለ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ መክተት ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ ምስጥም ይጠራል።

የት፣ መቼ፣ ምን ያህል

ብዙ ሰው ማዳበሪያውን ግንዱ ሥር ይደፋዋል። ግንዱ ሥር ያለው ወፍራሙ ሥር ነው፤ የሚያቆም እንጂ የሚመገብ አይደለም። የሚመገቡት ቀጫጭኖቹ ናቸው። አቮካዶ ሥር ያለውን የረገፈ ቅጠል በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ቅጠሉ መበስበስ በጀመረበት ቦታ ነጫጭ፣ ቀጫጭን ሥሮች ከአፈሩ ወጥተው ቅጠሉ መሃል ገብተው ታገኛላችሁ። የአቮካዶ አብዛኛው የሚመገብ ሥር ከላይ ባለው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። እዚያ ላይ በዶማ መኮትኮት ሥሩን መቁረጥ ነው። አረሙን በማጭድ እጨዱት፣ እዚያው ተዉት።

ማዳበሪያው መጨመር ያለበት ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ ዝናብ ሲዘንብ ከቅርንጫፉ ጫፍ ውሃ በሚንጠባጠብበት ዙሪያ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ሰፋ አድርጋችሁ ዙሪያውን በትኑት። ዩሪያን ገላጣ አፈር ላይ አትተዉ። ስስ አፈር ወይም ጉዝጓዝ አልብሱት፣ አለዚያ ከፊሉ ወደ አየር ይሄዳል። ሙዝ ላይ ደግሞ ከእናቲቱ ይልቅ ልጅቷ ወዳለችበት ወገን አድሉ። ቀጥላ የምታፈራው እሷ ናት። በአንድ ጉድጓድ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ብቻ ይቅሩ። ስድስት ሰባት ግንድ ተጨናንቆ ለቆመበት ሙዝ የትኛውም ማዳበሪያ አይበቃውም።

መጠኑን በተመለከተ እኔ የምሰጠው መነሻ ይህ ነው። አቮካዶና ማንጎ በመጀመሪያው ዓመት በድምሩ 100 ግራም ዩሪያና 100 ግራም ኤንፒኤስ። በየዓመቱ ሁለቱንም በ100 ግራም አሳድጉ። 1 ኪሎ ሲደርስ እዚያው ቁሙ። ብስባሹን ደግሞ ለትልቅ ዛፍ በዓመት እስከ ግማሽ ኩንታል አድርሱት። ሙዝ ለአንድ ጉድጓድ በዓመት ከ200 እስከ 300 ግራም ዩሪያ፣ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብስባሽ ይበቃዋል። የአፈር ምርመራ ውጤት ካላችሁ የእኔን ትታችሁ እሱን ተከተሉ። ማንጎ ላይ ናይትሮጅን አታብዙ፤ ቅጠል ብቻ ያበቅልላችኋል።

ግራም በዓይን አይገመትም። አንድ የቡና ሲኒ ውሰዱና ዩሪያ ሞልታችሁ ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑት። ስንት ግራም እንደሚይዝ ሲኒው ላይ በማርከር ጻፉ። ከዚያ በኋላ ሥራችሁ በሲኒ ነው። ያ ሲኒ ወደ ረከቦት አይመለስም፤ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ከማዳበሪያው ጋር አስቀምጡት።

ጊዜው ከመጠኑ እኩል ይመዝናል። ባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ሐምሌ አጋማሽ የተበተነ ዩሪያ ከፊሉ ታጥቦ ወደ ታች ወይም ወደ ወንዝ ይሄዳል። እኔ የምመክረው በሦስት መክፈል ነው። የመጀመሪያው ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ። ሁለተኛው ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሲቀንስ። ሦስተኛው መስኖ ላላችሁ ጥር ላይ፣ ከማጠጣት ጋር። መስኖ የሌለው ሦስተኛውን ይተወዋል፤ ደረቅ አፈር ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ኤንፒኤሱን ሰኔ ላይ በአንድ ጊዜ መስጠት ይቻላል።

በእጃችን ያለው ፖታሲየም

የሙዝ ግንድ። ዘለላው ሲቆረጥ ግንዱን ጎትቶ ከአጥር ውጭ መጣል የተለመደ ነው። ግንዱ ግን በፖታሲየም የተሞላ ነው። ዘለላውን ስትቆርጡ ግንዱን ቁመቱ ወገባችሁ ላይ እስኪደርስ አስቀርታችሁ ለጥቂት ሳምንት ተዉት፤ ያለውን ወደ ልጅቷ ይመልሳል። ከዚያ በገጀራ ቁረጡትና እያንዳንዱን ቁራጭ ለሁለት ሰንጥቁት። መሰንጠቁን አትዝለሉት። ያልተሰነጠቀ ግንድ ሳይደርቅ ስለሚቆይ የሙዝ ነቀዝ ይራባበታል። የተሰነጠቀውን ከጉድጓዱ ራቅ አድርጋችሁ በረድፎቹ መካከል አንጥፉት። ከውስጡ ቢጫ ፈሳሽ የሚወጣው፣ ያለጊዜው የጠወለገ ሙዝ ግን ለዚህ አይሆንም። እሱ የባክቴሪያ አጠውልግ ሊሆን ስለሚችል ነቅላችሁ ቅበሩት፤ ገጀራውንም በእሳት ወይም በበረኪና አጽዱ።

አመድ። የባሕር ዛፍ እንጨት አመድ በየቤቱ አለ። ፖታሲየም ይዟል፤ አሲድንም ይቀንሳል። ለቀይ አፈር ጥሩ ነው። ለአንድ ትልቅ ዛፍ በዓመት ከ1 ኪሎ አትበልጡ፤ በስሱ በትኑት። ዩሪያ በጨመራችሁበት ሰሞን አመድ አትጨምሩ፤ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሳምንት ይለፍ። ላስቲክና ባትሪ የተቃጠለበት አመድ ወደ ማሳ አይግባ።

የጫት ገራባ፣ የቡና ገለፈት፣ የጠላ አተላ፣ ከወረታ የሚመጣ የሩዝ ገለፈት፣ የዳጉሳ ገለባ፣ ሁሉም ለብስባሽ ይሆናል። የኑግ ፋጉሎ በናይትሮጅን የበለጸገ ነው፤ ግን ላም ያለው ሰው ለላሟ ይስጥና ፍጉን ይውሰድ።

እምቦጭ

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሕዝብ በደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደነቀለው ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሐይቁ በመገጭ፣ በርብ፣ በጉማራ፣ በግልገል አባይ የሚገባው ደለልና ማዳበሪያ ነው የሚመግበው። ከማሳችን ታጥቦ የሄደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እዚያ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀናል። ፖታሲየምም በብዛት ይሰበስባል። ሰዎች ለፍተው ያወጡት ክምር ዳር ላይ ዝም ብሎ ሲበሰብስ፣ ጭማቂው ተመልሶ ወደ ውሃው ሲገባ ማየት ያንገበግበኛል። ያ የእኛ አፈር ነው።

በጥንቃቄ ከያዛችሁት ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። ጥንቃቄው ግን የግድ ነው። የእምቦጭ ዘር ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እምቦጭ ወደሌለበት ኩሬ፣ ወንዝ ወይም የመስኖ ቦይ አካባቢ በምንም ምክንያት ትኩሱን አትውሰዱ። ብስባሹን እዚያው ሐይቁ ዳር፣ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሥሩ። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ጥግ የወጣውን አትጠቀሙ። እምቦጭ ከባድ ብረቶችን የመሰብሰብ ጠባይ ስላለው ከእንዲህ ያለ ቦታ የወጣው ለምግብ ማሳ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከትኩሱ እምቦጭ ከ100 ኪሎው 90 ኪሎና ከዚያም በላይ ውሃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ በስሱ ዘርግታችሁ ሳምንት ያህል አጠውልጉት። ከተቻለ አበባ ያልያዘውን ምረጡ። በገጀራ ከጣት እስከ ስንዝር ቁረጡት። ከሥር የበቆሎ አገዳ ወይም የቅርንጫፍ ስብርባሪ አንጥፉ፤ አየር ያስገባል። በላዩ አንድ ስንዝር ተኩል የጠወለገ እምቦጭ፣ ከዚያ ግማሽ ስንዝር ደረቅ ገለባ፣ ከዚያ ስስ የከብት እበት፣ ከዚያ እፍኝ እፍኝ የላይ አፈር። እንዲህ እየደራረባችሁ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ስፋትና ቁመት አድርሱት። ያነሰ ክምር አይግልም፤ ያልጋለ ክምር ዘሩን አይገድልም።

መጋሉን የምታውቁት በብረት ዘንግ ነው። ክምሩ መሃል ሰክታችሁ ተዉት። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ስታወጡት ጨብጣችሁ መያዝ ካቃታችሁ በደንብ ግሏል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይፈልግ። ካልጋለ ወይ ደርቋል ወይ በውሃ ታፍኗል። ከመሃሉ እፍኝ አውጥታችሁ ጨምቁት። ውሃ ከፈሰሰ ገለባ ጨምራችሁ አገላብጡት። እጃችሁን እንኳ ካላረጠበ ውሃ ርጩበት። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡ፤ ስታገላብጡ ከዳር ያለው ወደ መሃል ይግባ፣ ሙቀቱ ለሁሉም እንዲደርስ። በክረምት ከላዩ ላስቲክ ወይም የሙዝ ቅጠል አልብሱት፤ ፖታሲየም በውሃ ስለሚሟሟ ዝናብ ያጥበዋል። ሦስት ወር ገደማ ሲሆን ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የጫካ አፈር የሚሸት ነገር ታገኛላችሁ። አሁንም የእምቦጩ ግንድ የሚለይ ከሆነ አልበሰለም።

ለመተማመን ጥቂቱን ውሃ በያዘ ሳህን ውስጥ ነክራችሁ ደጅ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀምጡት። እምቦጭ ከበቀለበት ክምሩን እንደገና አግሉት። ካልበቀለ ሙዙ ይብላው።

ጉዝጓዝ

ስለ ጉዝጓዝ ለመማር ዘጌ ሄዶ ማየት ከእኔ ጽሑፍ ይበልጣል። ልሳነ ምድሩ ላይ በቀደመ ሥርዓት በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ነው። ቡናውና ጌሾው ከብርብራና ከዋንዛ ሥር ይኖራሉ። ብርብራ ናይትሮጅን ከአየር ይስባል፤ ቅጠሉ ሲረግፍ መሬቱን ይመግባል። እዚያ ቅጠሉን የሚጠርግ የለም። እናንተም ከዛፎቹ ሥር ቅጠል አትጥረጉ፤ ንጹሕ ግቢ ከቤቱ ፊት ይብቃ። ገለባ፣ የታጨደ ሣር፣ የሙዝ ቅጠል ስንዝር ያህል አልብሱ፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ቅርፊቱ እንዳይበሰብስ።

ቅጠል ማንበብ

ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም። መጀመሪያ የትኛው ቅጠል ነው የታመመው? ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ሲያንሱ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱ ታች ይጀምራል። ብረት፣ ዚንክ፣ ቦሮንና ካልሲየም እንደዚያ አይንቀሳቀሱም፤ ሲያንሱ አዲሱ ቅጠል ይታመማል።

አሮጌው ቅጠል በሙሉ እኩል ከገረጣ ናይትሮጅን ነው። የሙዝ አሮጌ ቅጠል ከጫፉና ከዳሩ ተነሥቶ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ሄዶ ከደረቀ፣ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ አከርካሪው ከታጠፈ ፖታሲየም ነው። የቅጠሉ ዳር አረንጓዴ ሆኖ በዳሩና በአከርካሪው መካከል ያለው ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም ሊሆን ይችላል። አቮካዶ ላይ አዳዲስ ቅጠሎች አንሰው፣ ተጠጋግተው ከወጡና ፍሬው ከወትሮው ክብ ከሆነ ዚንክ ጠርጥሩ። ቦሮን ላይ ግን በግምት አትሂዱ፤ በሚያንስበትና መርዝ በሚሆንበት መካከል ያለው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው። በምርመራ ብቻ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቢጫው ማዳበሪያ የማጣት ላይሆን ይችላል። ውሃ ያቆረበት አቮካዶም ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ከዛፉ ዳር ሁለት ስንዝር ቁፈሩ። ውሃ ከቋጠረ ወይም ሥሩ ጥቁርና ተሰባሪ ከሆነ ቦይ አውጡ።

ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ

ከውሃው ዳር ጀምሮ ማዳበሪያ የማይነካው የሣር መስመር ተዉ። ደሾ ወይም ቬቲቨር ትከሉበት። ደለሉን ያስቀራል፣ ደሾው ለከብትም ይሆናል። የከብቱም ፍግ ተመልሶ ወደ ብስባሹ ይገባል። ሰማዩ ጠቁሮ ሳለ ዩሪያ አትበትኑ። የማዳበሪያ ጆንያ ሐይቅ ውስጥ አትጠቡ።

ፎቶ ለእኔም ሆነ ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ስትልኩ የታመመውን ቅጠል ብቻ አታንሱ። አንድ አሮጌ ቅጠል፣ አንድ አዲስ ቅጠል፣ ዛፉ በሙሉ ከነግርጌው፣ ከዚያም ሁለት ስንዝር የተቆፈረው ጉድጓድ። አፈሩ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ባለፈው ዓመት ምን እንደጨመራችሁና ስንት ዘለላ እንደሸጣችሁ ጻፉበት።